ሦስት ሰው የሚያውቅ ውሻ

በሁለት ሺህ ስልሳ ስምንት ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ በደብረ ብርሃን ጠባሴ የሚገኝ አንድ እድር ሕጉን አሻሻለ። ጡሩምባው እንደ ወትሮው በማለዳ በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ተነፋ። ሰዉም እንደ ወትሮው «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» ብሎ ጆሮውን አቆመ። የሞተ ሰው አልነበረም። እስከ ጥቅምት ማብቂያ ጠባቂ ውሻ ያላስገባ ቤት ከእድሩ እንደሚሰረዝ ተነገረ፣ ቀጥሎ የዕለቱ ብርድ ተነገረ፣ ከዚያ ግድግዳው ዝም አለ።

ሕጉ ከመሬት ተነሥቶ የወጣ አይደለም። ድሮ ቤት የሚጠብቀው የጎረቤት ዓይን ነበር። አንዷ በር ላይ ቆማ «ማንን ፈልገህ ነው?» ካለች ሌባ የመጣበትን መንገድ ይረሳ ነበር። አሁን አጥሩ ሁሉ ከሰው ቁመት በልጧል፣ ዕቃው በሰማይ መጥቶ ግቢ ውስጥ ይወርዳል፣ ሥራውም ለቅሶውም በግድግዳ ላይ ያልቃል። ጎረቤት ማለት ከአጥር ወዲያ የሚሰማ ሳል ሆኗል። ሌባ ይህን ከተረዳ ቆይቷል። እድሩም ዓይን ከጠፋ ጥርስ ይተካው ብሎ ወሰነ።

አቶ ኪሩቤል ይህን ሲሰሙ ሻያቸውን አስቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ወይዘሮ ሜሮን ከሞተች አራት ዓመት የሆናቸው፣ አንድ ልጃቸው ሐዋሳ የምትኖር ሰው ናቸው። ሌባ አይፈሩም፤ ቢመጣም የሚወስደው የለም። የሚፈሩት ሌላ ነው። እድር የሌለውን ሰው የምትቀብረው ያለ ሾፌር የምትሄድ ግራጫ መኪና ናት። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ስታልፍ አይተዋታል። ቀስ ብላ፣ መብራት እያከበረች፣ ከኋላዋ አንድም ሰው ሳይከተላት ወደ መካነ መቃብሩ ታጠፈች። ከዚያ ወዲህ ጸሎታቸው ሁሉ አጥሮ «ቀባሪ አታሳጣኝ» ብቻ ሆኗል። እናም በማግስቱ ካፖርታቸውን ደርበው ጠባቂ ውሻ ወደሚሰጥበት ጣቢያ ሄዱ።

የጣቢያዋ ሠራተኛ ልጅ እግር ናት። ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ቀና ሳትል ትጠይቃለች።

«ለቤተሰብ ነው ለድርጅት?»

«ለቤተሰብ።»

«ሕፃን አለ?»

«አድጋለች።»

«እንግዳ ይበዛባችኋል?»

አቶ ኪሩቤል አሰብ አደረጉ። በዓመት አንዴ የውሃ ቆጣሪ የሚያይ ሰው ይመጣ ነበር፤ እሱም ካቻምና ቀርቷል።

«መጠነኛ ነው» አሉ።

ልጅቷ በየተራ አሳየቻቸው። አንዱ ጥቁር ሳይጮህ ይናከሳል፤ ነገረኛ ጎረቤት ላለበት ሰፈር ይመረጣል። አንዱ ነጭ ይጮኻል እንጂ አይናከስም፤ ለሕፃናት ጥሩ ነው፣ ሌባ ግን ለምዶታል። አንዱ የጥጃ ያህላል፣ የሚበላውም የጥጃ ነው። አቶ ኪሩቤል ሁሉንም እንደ ፈተና ወረቀት አንድ በአንድ አይተው አለፉ። መጨረሻ ላይ አንድ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የወደቀ ያገር ውሻ ተቀምጧል። እሳቸውን አየት አደረገና በትከሻቸው በኩል ወደ ኋላ ተመለከተ፤ ሌሎቹስ የት አሉ እንደማለት። አቶ ኪሩቤልም ሳያስቡት ዞር ብለው አዩ።

«ይኼን» አሉ።

«ጥሩ ዓይን አለዎት፣ አባባ። ሲያስፈልግ ይጮኻል፣ ሲያስፈልግ ይናከሳል።» ልጅቷ ሦስት ትንንሽ ድፎ ዳቦ ባንኮኒው ላይ ደረደረች። «የሦስት ሰው ጠረን ይይዛል። ከሦስት ካነሰ አንሰጥም። አራተኛ ከጨመሩበት አንዱን ይጥላል። ያልያዘውን ሰው፣ እርስዎ ራስዎ እጁን ይዘው ቢያስገቡትም አያሳልፈውም። ማሰርና መቆለፍ አይቻልም፤ በተቆለፈበት ቀን እናውቃለን፣ ውሻው ይወሰዳል፣ እድርዎም ይሰማል።»

«ለአንድ ሰው የሚሆን የለም?»

ልጅቷ አሁን ቀና አለች። «የአምስተኛውን መንገድ ሰውዬ አልሰሙም?»

ሰምተዋል፤ ያልሰማ የለም። ብቻውን የሚኖር ሰው ውሻውን ራሱን ብቻ አስለምዶት አልጋው ላይ ሞተ። እድርተኛው ድንኳን ይዞ መጥቶ ሳምንቱን ሙሉ በር ላይ ቆመ። ውሻው ጌታውን አላስነካ አለ። ኋላ ከሩቅ ባለሙያ መጥቶ አስተኛውና ገቡ። የገቡት ሰዎች ያዩትን አይናገሩም። ውሻው ላይ የተገኘ ጥፋት የለም፤ የተባለውን ነው ያደረገው።

«ቤተሰብ አለኝ» አሉ አቶ ኪሩቤል።

«እንግዲያው እያንዳንዱ ሰው ዳቦውን በብብቱ ይዞ ያድራል፣ ጧት ያበላዋል። ሦስት ቀን። በአራተኛው አምጥተው ያስፈትኑታል።»

«የኛም አያት ውሻ ሲያስለምድ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

«የሁሉም አያት ያደርግ ነበር። ስንት ማሽን ተሞክሮ ከብብት የሚሻል አልተገኘም» አለች። ውሻውን አውጥታ ስትሰጣቸውም ጨመረችላቸው፦ «ከቤት የወጣ ሰው ካለ፣ ያገባም ይሁን የሞተ፣ ልብሱን አጥበው እሱን በሌላ ሰው ይተኩት። ጠረኑ ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ ውሻው ቦታውን አይለቅለትም።»

ያን ቀን እሑድ ስለነበር ልጃቸው አያልነሽ እንደ ልማዷ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ መጣች። በሷ ትውልድ የጥንት ስም ተመልሶ ፋሽን ሆኖ ስለነበር ነው አያልነሽ የተባለችው፤ አባትና እናቷ በልጅነታቸው እንዲህ ያለ ስም ሲሰሙ ይስቁ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ልጆች አሏት። ከሐዋሳ ደብረ ብርሃን በባቡር የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ እናቷ ከተቀበረች ወዲህ ግን አልመጣችም።

«ሦስት ቀን ብቻ ነው» አሏት። «ዳቦ ይዘሽ ታድሪያለሽ።»

«አባዬ፣ በዚህ ወር ንቅንቅ ማለት አልችልም። በፖስታ ብትልክልኝስ?»

«እስኪመጣ ይደርቃል።»

«ከዚያ ሰፈር ሰው አይጠፋም። ማንንም ጠይቅ፣ የብብት ነገር አይደል?» ብላ ሳቀች። እሳቸውም አብረዋት ሳቁ፣ ግድግዳውም ጠፋ።

ማንን ይጠይቁ? ከአጥር ወዲያ ወይዘሮ ፌቨን አሉ። ስምንት ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ ሳላቸውን ከነሰዓቱ ያውቁታል፣ መልካቸውን ግን መንገድ ላይ ቢያገኙት አይለዩትም። ለሰው ዳቦ ይዞ ሄዶ «እባክዎ በብብትዎ ይያዙልኝ» ማለት «እኔ ሰው የለኝም» ብሎ አደባባይ መውጣት ነው። አቶ ኪሩቤል ደግሞ በይሉኝታ ያደጉ ናቸው። ቢርባቸው በልቻለሁ፣ ቢታመሙ ደህና ነኝ፣ ቢከፋቸው ምንም አልሆንኩ የሚሉ ሰው ናቸው። አጥሩ ድረስ ሄደው ተመለሱ።

ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፈቱት። አዘውትረው አይከፍቱትም፣ ጠረኑ እንዳያልቅባቸው። የሜሮን ጋቢ ከሞተች ጀምሮ ሳይታጠብ እንደታጠፈ ነው። ከሥሩ የአያልነሽ የአሥረኛ ክፍል ሹራብ አለ፣ ክርኑ የተበላ። አንዱን ዳቦ በጋቢው፣ አንዱን በሹራቡ ብብት ጠቅልለው አሳደሩት፣ ሦስተኛውን ራሳቸው ያዙ። ጧት ጋቢውን ተከናንበው አበሉት፤ ቀጥሎ እጃቸውን በሹራቡ እጅጌ ከተው አበሉት፤ መጨረሻ ላይ በራሳቸው እጅ አበሉት። ውሻው ሦስቱንም በላ። በአራተኛው ቀን ሲፈተን ሦስት ሰው ይዞ ተገኘ። አቶ ኪሩቤል እድር ውስጥ ቀሩ።

ውሻውን «ሰው አለ» ብለው ጠሩት። በዚያ አገር የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው፤ የወይዘሮ ፌቨን ውሻ «ምን ቸገረህ» ይባላል። በየምሽቱ ከአጥሩ በዚህኛው በኩል «ሰው አለ! ሰው አለ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ በዚያኛው በኩል «ምን ቸገረህ!» ይላል። ከዚያ ሁለቱም በር ይዘጋል። ሰፈሩ የሚነጋገረው ይህንኑ ነው።

ውሻው ሥራውን ያውቃል። ጧት አጥሩን ዞሮ ይመጣና የአቶ ኪሩቤልን እጅ ያሸታል፤ አንድ። ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዶ በሥንጥቁ ያሸታል፤ ሁለት፣ ሦስት። ሁሉም እንዳሉ ካረጋገጠ በኋላ ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተነሥቶ በሩ ሥር ይቀመጣል፣ የወጣ ሰው እንደሚጠብቅ። አቶ ኪሩቤል መጀመሪያ ሰሞን ከፋቸው። ሰንበት ሲል ደስ አላቸው፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አላቸው። አራት ዓመት ሙሉ ብቻቸውን ሲጠብቁ ኖረው፣ አሁን አብሮ የሚጠብቅ አገኙ። ብርድ ልብሳቸውን ደርበው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፣ ውሻው በሩን ያያል፣ እሳቸው ውሻውን ያያሉ።

«ትመጣለች» ይሉታል። የትኛዋን እንደሆነ አይናገሩም።

በኅዳር አንድ እሑድ፣ ግድግዳው ላይ ለአያልነሽ «እዚህ አንቺን የሚጠብቅ አለ» አሏት። ለጨዋታ ያሉት ነው። እሷ ግን አልሳቀችም፣ ቶሎም ተሰናበተች። በሳምንቱ፣ ቀትር ላይ፣ በሩ ተንኳኳ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ።»

አቶ ኪሩቤል ጫማቸውን ሳያጠልቁ ወጡ። በሩን ሲከፍቱ ልጃቸው ቆማለች። ወፈር ብላለች፣ ጠጉሯን አሳጥራዋለች፣ በእጇ ትንሽ ሻንጣ ይዛለች። መጀመሪያ ወደ ውሻው ዞሩ። ይህን ሁሉ ጊዜ በር በሩን ሲያይ የከረመው ለሷ ስለሆነ፣ እንዴት እንደሚሆንላት ለማየት ጓጉተው ነበር።

ውሻው በመካከላቸው ገብቶ ቆመ። የጀርባው ጠጉር ተነሥቷል።

«እሷ እኮ ናት!» አሉት። «ሰው አለ፣ ምን ነካህ፣ እሷ ናት!»

አያልነሽ አንድ እግሯን ወደ ውስጥ ስታደርግ ውሻው ጥርሱን አሳየ። ወደ ኋላ ተመለሰች። አቶ ኪሩቤል አንገቱን ቢይዙት አልተንቀሳቀሰም፤ ወገቡን ቢገፉት እንደ ግንድ ሆነባቸው። አልነከሳቸውም፣ ግን አላሳለፈም። ያን ጊዜ ወደ ቤት ሮጠው ሹራቡን አመጡ።

ውሻው ሹራቡን ሲያሸት ጅራቱ ተወዛወዘ። አፍንጫውን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ እንደ ቡችላ አለቃቀሰ። ከዚያ ቀና ብሎ በሩ ላይ የቆመችውን ሴት አየና አጉረመረመ። እንደገና ሹራቡን፣ እንደገና ሴትዮዋን።

«የኔ ሹራብ ነው» አለች አያልነሽ።

«አዎ።»

«ማንን ነው ያስለመድከው፣ አባዬ?»

«አንቺን» አሉ አቶ ኪሩቤል።

ውሻው የሚያውቃት ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመጣ የጠመኔ ብናኝና የብርቱካን ልጣጭ ትሸታለች። በሩ ላይ የቆመችው ሴት የሌላ ከተማ ሳሙና፣ የባቡርና የልጆቿ ጠረን አለባት። ውሻው አልተሳሳተም። አቶ ኪሩቤል ይህ ገባቸውና ሹራቡን ይዘው ወደ መንገድ ወጡ። ልጃቸውንም ደጅ ላይ፣ በብርዱ፣ አቅፈው ሳሟት።

የጎረቤቱ በር ትንሽ ተከፈተ። ጋቢ የለበሱ፣ ቀጠን ያሉ ሴትዮ አንገታቸውን አወጡ። ሳል ሲጀምራቸው አቶ ኪሩቤል ማን እንደሆኑ አወቁ።

«ልጅቷን ብርድ ላይ አታቁሟት» አሉ ወይዘሮ ፌቨን። ዱካ አምጥተው አስቀመጡላት። ወደ ሹራቡም አየት አድርገው «የኔም ውሻ የሟች ባለቤቴን ሸሚዝ ነው የሚያውቀው» አሉ። «ሌላው የእናቴ ነጠላ። ምነው ደነገጡ? ይህ መንገድ እስከ ታች ድረስ እንደዚሁ ነው።»

አያልነሽ ዱካው ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ሽማግሌዎች በየተራ አየቻቸው።

«እንግዲህ አንተ ወጥ ቤት ውስጥ ብትወድቅ» አለች ለአባቷ፣ «ማን ገብቶ ያነሳሃል?»

አቶ ኪሩቤል በሩ ላይ የቆመውን ውሻ አዩ።

«ብትሞትስ? እድሩ በምን በኩል ይገባል?»

አቶ ኪሩቤል ያደረጉት አሁን ታያቸው። ግራጫዋን መኪና ሸሽተው፣ ራሳቸውን የአምስተኛው መንገድ ሰውዬ አድርገውት አርፈዋል። እድር ውስጥ ስማቸው አለ፣ ቤታቸው ግን በሁለት ልብስ ተሞልቶ ለሰው ቦታ የለውም።

«ሦስት ቀን እቆያለሁ» አለች አያልነሽ። «ለመሥሪያ ቤቴ እደውላለሁ። ዳቦውን አምጣ። ግን እኔ ሩቅ ነኝ፣ እኔ ከሐዋሳ እስክደርስ ያለቀ ነገር ያልቃል። ቅርብ ያለ ሰው ያስፈልግሃል።»

ቀጥሎ የሚባለውን ሁሉም ያውቁታል፣ የሚለው ግን ጠፋ። በመጨረሻ ወይዘሮ ፌቨን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለኔም አንድ ያምጡልኝ» አሉ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል የሰማነው ለመቼ ሊሆነን ነው? ልጅቷ እኔ ዘንድ ታድራለች። የኔ ውሻ እኔንና ሁለቱን ልብስ ይዞ ስለሞላ እሷን አያስገባም፣ ግን መላ አለው፤ ከመንገድ በኩል ያለችው ክፍል የራሷ በር አላት።»

አቶ ኪሩቤል ለሁለቱ ሴቶች ሁለት ዳቦ ሰጧቸው። በሩን ዘግተው ገቡ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

አቶ ኪሩቤል ሁለት ሳፋ ውሃ ቀዱ። ሹራቡን ማጠብ ብዙ አልከበዳቸውም። ልጅቷ በሕይወት አለች፣ አጥር ብቻ ነው በመካከላቸው ያለው። ዘፍዝፈው፣ ሳሙና መትተው፣ ጨምቀው አሰጡት። ጋቢውን ግን ጭናቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ፊታቸውን አስገብተው ሳቡ። የቅቤ፣ የዝንጅብልና የአንገቷ ጠረን ከአራት ዓመት በኋላም አልለቀቀውም። ፊታቸውን ካወጡ በኋላ መልሰው አስገቡ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ውሃው ቀዘቀዘ። ውሻው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያያቸዋል።

«እያጠቡ ነው?» አሉ ወይዘሮ ፌቨን ከአጥሩ ወዲያ።

«አዎ።»

«ሁለቱንም?»

አቶ ኪሩቤል ጋቢውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«እኔ የሱን ሸሚዝ አልቻልኩም» አሉ ወይዘሮ ፌቨን። «ስንቴ ውሃ ቀድቼ ደፋሁት።» ጥቂት ሳሉና ሄዱ።

አቶ ኪሩቤል ጋቢውን ሳፋው ውስጥ አስገቡት። ነጭ ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ከባድ ነው፣ ለሁለት ነው የሚጨመቀው። ሜሮን ከዚያ ጫፍ እሳቸው ከዚህ ጫፍ ይዘው ነበር የሚያጣምሙት። አንዱን ጫፍ ከበረንዳው ምሰሶ ጋር አስረው ብቻቸውን አጣመሙት። እያለቀሱ ነበር፤ የሚያያቸው ስለሌለ እንባቸውን አልጠረጉም። ውሻው ተነሥቶ የሚንጠባጠበውን ውሃ አሸተተ፣ ከዚያ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ፣ በሥንጥቁ ሞክሮ ተመለሰ። ያን ሌሊት ቤቱን ሁሉ ሲዞር አደረ።

በአራተኛው ቀን ጧት ሁለቱም ሴቶች በሩ ላይ ቆሙ። በመጀመሪያው ቀን ውሻው ዳቦውን አሽትቶ ትቶት ነበር፣ በሁለተኛው ወስዶ ሳይበላ ጥሎታል፣ ትናንት በልቷል። አሁን የአያልነሽን እጅ አሸተተ፣ ቀሚሷን አሸተተ፣ ዞረና ቀድሟት ወደ ውስጥ ገባ። ወይዘሮ ፌቨን «ቅድሚያ ልጅ ትግባ፣ እኔ ቆይቼ እመጣለሁ» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

አያልነሽ ሳሎኑን በእጇ እየነካካች አለፈች። ሻይ አልፈለገችም፣ አልተቀመጠችም። በቀጥታ ወደ መኝታ ቤት ገብታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። አቶ ኪሩቤል ምን እንደምታደርግ ያወቁት ዘግይተው ነው። ጋቢውን አውጥታ ፊቷን ቀበረችበት። ትንፋሿን በረዥሙ ሳበች። ደግማ ሳበች። ቀና ስትል ፊቷ ባዶ ነበር።

«ሳሙና ሳሙና ይላል» አለች።

«አጠብኩት።»

«መቼ?»

«የመጣሽ ለት።»

አያልነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔ እኮ አራት ዓመት የቀረሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም» አለች። «ይህን ቁም ሳጥን ፈርቼ ነው። ከፍቼ ካሸተትኳት አልነሣም ብዬ። ዘንድሮ ቻልኩ፣ እሄዳለሁ፣ አሸታታለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ያኔ በሩ ላይ ስቆም እሷ እዚሁ ነበረች።»

«ነበረች።»

«ለምን፣ አባዬ?»

አቶ ኪሩቤል እጃቸውን አዩት። በሳሙናው የተላጠው ጣታቸው ገና አልዳነም።

«ሰው እንዲገባ» አሉ።

አያልነሽ ጋቢውን መልሳ አላጠፈችውም። በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋው ተቀመጠች፣ አባቷም አጠገቧ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ የግቢው በር ተንኳኳና የወይዘሮ ፌቨን ሳል ተሰማ። ውሻው ሮጦ ወጣ። ሁለቱም ጆሯቸውን አቁመው አዳመጡ። አልጮኸም።